ያላየሁትን አልፈርምም

(ይህ ባለፈው እሁድ በአያቴ ሙት ዓመት ላይ፣ ቢሾፍቱ በሰፈራችን የእድር አዳራሽ የተናገርኩት ነው። ያልመጡ ዘመዶች "ጽፈሽ ላኪልን" ስላሉኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ስናገር የዘለልኩትን ጨምሬበታለሁ። መጨረሻ ላይ የሆነውንም እንዲሁ።)

ጤና ይስጥልኝ።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ። አያቴን ቤት ውስጥ "አንተ" ነበር የምንለው። "አንቱ ስትሉኝ ለምርመራ የተጠራሁ ይመስለኛል" ይል ነበር። ስለዚህ ዛሬ በሽማግሌዎች ፊት ቆሜም "እሱ" እያልኩ ነው የማወራው። አባባ ብዬ ነው ያደግኩት፣ አባባ ነው የምለው።

ፊት ለፊቴ የተቀመጣችሁ፣ እንደ አባባ የአየር ኃይል ሜካኒክ የነበራችሁ ጓደኞቹ፣ ስለ አውሮፕላን ስሳሳት በእጅ ምልክት ንገሩኝ። በሹክሹክታ እንዳትሞክሩት። የእናንተ ሹክሹክታ ሆራ ሐይቅ ድረስ ይሰማል። አባባ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ወደ ሚስቱ፣ ወደ እማማ፣ ጠጋ ብሎ "ቄሱ ወፍረዋል" ሲላት ቄሱ ራሳቸው ዞረው አይተውታል። ጆሯችሁን ማን እንደወሰደው ሁላችንም እናውቃለን። ኤፍ-5 የሚባለው የጦር አውሮፕላን ላይ ጄ-85 የሚባሉ ሁለት ሞተሮች አሉ። ትንንሽ ናቸው፤ ፉጨታቸው ግን እስከ መጨረሻው አባባ ጆሮ ውስጥ ነበር። "ሌሊት ጸጥ ሲል እሰማዋለሁ" ይለኝ ነበር። እንደ ቅሬታ አልነበረም የሚለው። ናፍቆት ይመስል ነበር።

አባባ አየር ኃይል የገባው በ1953 ዓ.ም. ነው፣ በ19 ዓመቱ። የመጣው አብራሪ ሊሆን ነበር። አልተመረጠም። ምክንያቱን እንደ ዕለቱ ስሜቱ ይቀያይረው ነበር፤ አንዴ ቁመቴ ነው ይላል፣ አንዴ ጥርሴ፣ አንዴ እንግሊዝኛዬ። ብቻ ቱታ አለበሱት፣ ጨርቅ ሰጡት፣ ወለል ጥረግ አሉት። ሦስት ወር ጠረገ። አስተማሪዎቹ ከነጻነት በኋላ በስዊድኖች እጅ የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። አየር ኃይሉን ያን ጊዜ እንደገና ያቋቋመውና የመራው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ሲያበር የነበረ ሰው ነው። በ1969 ሐምሌ ጎዴ ላይ እዚሁ አገር ሞተ። አባባ የስዊድኖቹን ወግ ከአስተማሪዎቹ ወርሷል፦ ወለሉ ላይ የዘይት ጠብታ ካየህ አትጥረገው፣ መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ፈልግ።

እማማ ይህን ወግ ስንት ጊዜ እንደረገመችው እሷ ትንገራችሁ። ቤታችን ውስጥ ውሃ ሲፈስ አባባ መወልወያ አያነሳም። ተንበርክኮ ያያል። ውሃው እየፈሰሰ ያያል።

አባባ የሠራበት ዘመን ግን የአሜሪካኖቹ ነበር። ቲ-33፣ ኤፍ-86፣ ከዚያ በ1958 ኤፍ-5 መጣ። እንግሊዝኛ ሊማር ቴክሳስ ተላከ። ስለ ቴክሳስ ያወራልን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሙቀቱንና እንቁላሉ ትልቅ መሆኑን። ስለ መዝገቡ ግን አንድ ቀን ሙሉ ቢያወራ አይደክመውም።

መዝገቡን ለማያውቁ ልጆች ላስረዳ። እያንዳንዱ አውሮፕላን የራሱ ፎርም አለው። ሜካኒኩ ያየውን ይጽፍበታል። በአሜሪካኖቹ ሥርዓት ሦስት ቀይ ምልክቶች አሉ። ያጋደለ አንድ ቀይ መስመር ከሆነ ጉድለት አለ፣ ግን መብረር ይችላል። አጭር ቀይ ጭረት ከሆነ ምርመራ ቀርቶበታል ማለት ነው። ቀይ ኤክስ ከሆነ አለቀ። ጄኔራል ቢመጣ፣ ንጉሥ ቢመጣ አይነሳም። ያንን ኤክስ ማንሳት የሚችለው ሥልጣን የተሰጠው ሰው ብቻ ነው፤ አይቶ፣ ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞ።

አሁን የቤታችንን ጉድ ልንገራችሁ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ይሆናል። የቡታጋዙ ጎማ ይሸታል ተባለ። አባባ የሳሙና አረፋ ቀባው፣ ጎንበስ ብሎ አየ። አረፋው አንድ ቦታ ላይ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ተነሳ፣ የአክስቴን የጥፍር ቀለም አመጣ፣ ምድጃው ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ አደረገና ጎማ ሊገዛ ወጣ። ቅዳሜ ነበር። ሱቆች ቀድመው ዘጉ፣ እሱም መንገድ ላይ ከናንተ ካንዳችሁ ጋር ተገናኘ (ማን እንደሆነ አልናገርም፣ እየሳቀ ነው)። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ምሳ የለም። እማማ ጎማውን በጨርቅ አሰረች፣ ኤክሷን በላምባ ጠርጋ ሽሮ ጣደች።

አባባ ሲመለስ ሽታው ደርሶታል። የጋዙ አይደለም፣ የሽሮው።

"ማን አጠፋው?"

"እኔ።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"የሰባት ልጅ ሆድ።"

አባባ ድስቱን አውርዶ ውጭ አስቀመጠው። ጎማውን ቀየረ። በአረፋ አየ። ከዚያ እማማን ጠርቶ "አሁን ጣጂ" አላት። እማማ ሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ቤት ቡታጋዝ ፈንድቶ ወጥ ቤቱ ተቃጠለ፤ ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ በኋላ የጥፍር ቀለሙን መደርደሪያ ላይ ለብቻው ያስቀመጠችው እማማ ነች።

ሌላው የቤታችን ነገር ሽቦ ነው። ሴፍቲ ዋየር። አውሮፕላን ላይ ብሎን ጠብቆ መታሰሩ አይበቃም፤ ንዝረት ያላላዋል። ስለዚህ የብሎኑ ራስ ላይ ቀዳዳ አለ። ሽቦ ይገባበታል፣ ከጎረቤቱ ብሎን ጋር ተጠማዞ ይታሰራል። ጥበቡ አቅጣጫው ላይ ነው። ብሎኑ ልላላ ካለ ሽቦው መልሶ ወደ ማጥበቂያው ይጎትተዋል። በአንድ ኢንች ከ6 እስከ 8 ጥምዝ። ጫፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ከኋላህ የሚመጣውን ሰው እጅ እንዳይወጋ። ይህንን ያስተማረኝ በአሥር ዓመቴ ነው፣ በራሱ ፒንሳ። በራችን ታስሯል። የድስት እጀታ ታስሯል። የእማማ መነጽር ሳይቀር በቀጭን ሽቦ ታስሮ ነበር፣ ስምንት ጥምዝ፣ ቆጥሬዋለሁ።

የሜካኒክ አፍ ደግሞ ጉድ ነው። መሣሪያው ጣሊያንኛ ነው፦ ካቻቢቴ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ኩሽኔታ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። ከ1970 በኋላ ደግሞ ሩስያኛ መጣ። ሚግ የሚባሉት የሩስያ አውሮፕላኖች ሲመጡ አባባ ወደ 40 እየተጠጋ ነበር። እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል ቆጠረ። በኢንች የለመደ እጅ ወደ ሚሊሜትር ዞረ። የአሜሪካኑ ቁልፍ በሩስያው ብሎን ላይ የሚገጥም ይመስላል፤ አይገጥምም፣ ትንሽ ይጫወታል፣ ራሱንም ይልጠዋል። አባባ ሁለቱን ሳጥን በሁለት ቀለም ቀባ። ቤት ውስጥ ቁልፍ ሲጠይቀን "ክሉች!" ብሎ የሚጮኸው ከዚያ የቀረ ነው። ውሻችንም ክሉች ነበር የሚባለው።

አሁን ወደ ድሬዳዋ ልሂድ። እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ።

በ1969 ሚያዝያ ደርግ የአሜሪካኖቹን ተቋማት ዘጋ። መለዋወጫ ቆመ። በዚያው ክረምት ሶማሊያ ገባች። አስቡት፤ አውሮፕላኑ የአሜሪካ ነው፣ ጦርነቱ ዛሬ ነው፣ ዕቃ የሚልክልህ የለም። አባባ "አንዱን አርደን ሌላውን አበላን" ይል ነበር። ከቆመው ፈትተው የሚበረው ላይ ይገጥማሉ። ነሐሴ ላይ ጠላት ድሬዳዋ አፋፍ ደረሰ። አባባ እዚያ ነበር። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሞተሩ ገና ይግላል። ነዳጅ፣ ጎማ፣ ጭራው ውስጥ ያለው የማቆሚያ ጃንጥላ፣ አፍንጫው ላይ ያሉት ሁለት መድፎች ጥይት። ከዚያ ፎርሙ። አብራሪው መሰላሉ ላይ እግሩን አድርጎ "ቶሎ በል ባሻ" ይለዋል። አባባ ይዞራል። ቶሎ ነው የሚዞረው፣ ግን ይዞራል። ከዚያ ይፈርማል።

አንድ ቀን ሁለት ወጡ። አንድ ተመለሰ።

ያልተመለሰው አባባ የፈረመበት ነው።

ይህን የነገረኝ አንዴ ብቻ ነው፣ እኔ ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ በረንዳ ላይ። መዝገቡን ይዞ ቆሞ ቀረ። ሰው ሰማይ ያያል፣ እሱ ወረቀቱን ያያል። የግራው ሞተር። የቀኙ ሞተር። ያቺ የሃይድሮሊክ ቱቦ። ነክቻት ነበር ወይስ በዓይኔ ብቻ ነው ያለፍኳት? እያንዳንዷን ብሎን በሐሳቡ ፈትቶ አሰረ። ማታ ላይ የተመለሰው አብራሪ መጥቶ ነገረው። በፀረ አውሮፕላን ተመትቶ ነው፣ አይቼዋለሁ አለው።

"ከዚያስ?" አልኩት።

"ደስ አለኝ" አለኝ።

ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ቆይቶ "ሰው ሞቶ ደስ አለኝ። የኔ ብሎን ስላልሆነ ደስ አለኝ። ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም" አለኝ። ከዚያ ሻዩን አነሳ። ቀዝቅዞ ነበር፣ ጠጣው።

ዛሬ ለምን በአደባባይ አወራሽው የሚለኝ ይኖራል። እናንተ ጓደኞቹ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር የያዘ አለ ብዬ ስለማስብ ነው። የአብራሪዎቹን ስም እናውቃለን። ለገሠ ተፈራን የማያውቅ የለም፤ ተመተው ሶማሊያ እስር ቤት ከ10 ዓመት በላይ የቆዩ ጀግና ናቸው። ክብር ይገባቸዋል። ግን ያን ቀን ጠዋት መሰላሉን የያዘላቸው፣ ፎርሙን የፈረመው ሰው ማን ነበር? እሱስ እነዚያን ዓመታት እንዴት አሳለፋቸው? በየዓመቱ የካቲት 26 የካራማራ ድል ሲከበር አባባ ቴሌቪዥን ይከፍትልናል፣ እሱ ግን ግቢ ውስጥ ነው።

1983 ላይ እሮጣለሁ፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጦሩ ፈረሰ፣ አባባ ጥቂት ወር ካምፕ ቆየ፣ ከስቶ መጣ። ደመወዝ የለም። የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ የጎረቤት ብስክሌት ጠገነ። ወፍጮ ቤቶቹ ይወዱትና ይማረሩበት ነበር። ይወዱታል፣ ምክንያቱም የሠራው አይበላሽም። ይማረሩበታል፣ ምክንያቱም ለአንድ ኩሽኔታ ሦስት ቀን ያቆመዋል፣ ሲጨርስም ደረሰኝ ላይ ፈርሞ ይሰጣቸዋል። ደረሰኝ የጠየቀው የለም!

በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የድሮዎቹ ተጠሩ። ከዚህ ሰፈር ስንቶቻችሁ ሄዳችሁ። አባባም ተጠየቀ። እማማ ደስታዋን አልቻለችም፤ ደመወዝ ሊመጣ ነው። አባባ መነጽሩን አድርጎ ወደ ጓዳ ገባ። የእጅ ባትሪ ይዞ የወፍጮ ሞተር ውስጥ ረጅም ሰዓት አየ። ወጥቶ "አልሄድም" አለ። ቀን ላይ አያለሁ፣ በባትሪ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ስንጥቅ ግን አይታየኝም አለ። "ሌላው ያይልሃል፣ አንተ ትፈርማለህ" አለችው እማማ።

"ያላየሁትን አልፈርምም።"

እንግዲህ ቤታችን ያን ዓመት ምን እንደበላን አልዘረዝርም። እማማ እስከ ዛሬ ትክክል ነበር አትልም። እኔም በዚያ ዕድሜዬ ተናድጄበት ነበር፤ ጫማዬ ተቀዶ ነበር።

የትምህርት ቤት ካርዴ ላይም እንዲሁ ነበር። የሌላ ልጅ አባት ቆሞ ይፈርማል። አባባ "ደብተሮቹን አምጪ" ይላል። ሒሳብ 74 ከሆነ 26ቱ የት ሄደ? አንድ በአንድ። ካርዱ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመለሳል፣ እኔ እንበረከካለሁ። አሁን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቫውቸር ላይ ስፈርም አለቃዬ "ምን ታነቢያለሽ፣ ፈርሚና ስጪኝ" ይለኛል። ፊቱን ባያችሁት ኖሮ! እኔ ግን ሳነብ ሳቄ ይመጣል።

መጨረሻ አካባቢ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ቀን ጡረታውን ለመቀበል አብሬው ሄድኩ። መስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ፊርማውን አየች፣ መዝገቡን አየች፣ "አባቴ፣ ፊርማው አልተመሳሰለም" አለች። እንደገና ፈረመ። ባሰ። "ጣትዎን ያሳርፉ" አለችው፣ የቀለሙን ሳጥን እየገፋች።

እኔ ደሜ ፈላ። ይህ ሰው በፊርማው አውሮፕላን ያስነሳ ነበር ልላት አፌን ከፈትኩ። አባባ ክንዴን ያዘኝ። ለልጅቷ ጎንበስ አለና፣ እንደ ልማዱ ሕንጻው እስኪሰማ፣ "ጎበዝ! ትክክል ነሽ። ያላመንሽበትን እንዳትቀበይ" አላት። አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነከረ። ታክሲ ውስጥ ጣቱን በመሐረብ እየጠረገ "መዝገቡን አየሽ እንዴት እንዳነጻጸረች?" ይለኛል። ደስ ብሎት ነበር።

ጥር 2016 ላይ ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላን ከጣሊያን ስትመለስ አብረን በቴሌቪዥን አየን። በ1928 አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራች፣ በወረራው ተወስዳ የቀረች። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሠራት ተባለ። አባባ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ።

"ከማን ጋር?"

"ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር።"

"ስማቸውስ?"

ዜናው አልፎ ነበር። "ፎርም ይኖራል" አለ። "አንድ ቦታ የፈረሙበት ፎርም ይኖራል።" ከዚያ እስኪተኛ ድረስ ስለ ሌላ ነገር አላወራም።

አንድ ነገር ቀረኝ። አባባ ከሞተ በኋላ የመሣሪያ ሳጥኑን ከፈትን። የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ ከታች በቀለም ተስሏል። አየር ኃይል ቤት ሕጉ ይህ ነው፤ አንድ ቅርጽ ባዶ ከሆነ አንድ ዕቃ ሞተር ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው፣ እስኪገኝ ማንም አይበርም። ሁሉም ነበር። ካቻቢቴዎቹ፣ የኢንቹ ቁልፎች፣ የሚሊሜትሩ። የፒንሳዋ ቦታ ግን ባዶ ነው። አጎቶቼ ግቢውን ገለበጡት። ሁለት ቀን ፈለጉ።

ባዶው ቅርጽ ላይ የተቀመጠች የካርቶን ቁራጭ ነበረች። መሣሪያ ክፍል ውስጥ ዕቃ ስትወስዱ ቁጥራችሁ ያለባትን ብረት በቦታው እንደምትሰቅሉት፣ እሱም ለቤቱ በካርቶን ሠርቶታል። ገልብጬ አየኋት። የኔ ስም አለባት። ቀን አለባት፣ ከሁለት ዓመት በፊት፤ መጋረጃ ልሰቅል ብዬ የወሰድኩባት ቀን። ከሥር ፊርማው አለ፣ የተንቀጠቀጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ፒንሳዋ ይቺው። ዛሬ ይዣት መጥቻለሁ። አመሰግናለሁ።

(ንግግሩ እዚህ አለቀ። ሰው ሲነሳ ከአባባ ጓደኞች አንዱ፣ ቡታጋዙ ቀን አባባን መንገድ ላይ ያስቀሩት፣ በከዘራቸው ቀስ እያሉ መጡ። ፒንሳዋን ተቀበሉኝ። አፏን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ወደ መብራቱ አንስተው አዩ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጓት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

"ካርዷስ?"

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ግራ ቀኝ አገላበጧት።

"የወሰድሽበት አለ። የመለስሽበት የለም" አሉ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ፣ እስክርቢቶ ፍለጋ የደረት ኪሳቸውን እየዳበሱ።)